በሞቴ ይቆዩ ያለው ፕሮግራም

አሽቀሎን፣ ግቫት ጺዮን
የካቲት 1997 ዓ.ም. (በእኛ በኩል ፌብሩዋሪ 2005፤ እዚህ ስምንት ዓመት ቀድመን ነው የምናረጅ)

ለክቡር የአክስቴ ልጅ ለካሳው፣ ጎንደር፤

ይህን ደብዳቤ ቆመህ ከሆነ የምታነበው ተቀመጥ። ተቀምጠህ ከሆነ ግድግዳ ተደገፍ። ነጠላህን አዘቅዝቅ። ከባድ ነገር ላረዳህ ነው። በጥር ወር፣ በአንድ አርብ ቀን፣ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በማትናሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ (ማትናስ የሰፈራችን የሕዝብ ማዕከል ነው)፣ ወዳጅ ዘመድ ሳይሰናበት፣ አንዲት ቃል ሳይናዘዝ፣ በለጋ ዕድሜው ከመካከላችን በድንገት የተለየው ፕሮግራሜ ነው።

እፎይ በል። እናትህ እትዬ ሀብትነሽ ደኅና ናቸው። ትናንት እንኳ ከገበያ የተሸከምሁላቸውን ድንች እያገላበጡ ሲሰድቡኝ ነበር። መርዶው ለምን ዘገየ ብትል፣ መርዶ በአገራችን ዘግይቶ ነው የሚነገር፤ ባህል ነው የጠበቅሁ።

ሟቹን ታውቀዋለህ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ድምፃቸውን ቀድተው በሲዲ ወደ እናንተ እንዲልኩ ብዬ የሠራሁት ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ትልቅ ቀይ አዝራር። ይጫኑታል፣ ይናገራሉ፣ በቃ፤ ማንበብ አያስፈልግም። ስልክ ላይማ እናትህንና አንተን አውቃችኋለሁ። «ካሳዬ» ይላሉ፣ «እማ» ትላለህ፣ ሁለታችሁም ታለቅሳላችሁ፣ ካርዱ ያልቃል። በዚህ መንገድ ምርቃት ጎንደር አይደርስም።

ለጠየቅኸኝ መልስ፦ የለም፣ አልተቆጡህም። ልታገባት ያሰብሃትን ጦቢያንም አልጠሉ። ሲዲው ባዶ የሆነው እሳቸው ዝም ብለው አይደለም። መርቀዋል። «አንጀቴ ቅቤ እስኪጠጣ መረቅሁት» ብለውኛል። ጥፋቱ የሮኢ ነው። ሮኢ የማትናሱ ዘበኛ ነው፤ ለሰንበት ሲዘጋ የፎቁን መብራት ከማብሪያው ሰሌዳ ላይ ድርግም አደረገው፣ ፕሮግራሜ ሥራ ላይ እያለ! እሑድ ጧት ፋይሉን አገኘሁ፤ ሳላዳምጥ ሲዲ ላይ ገለበጥሁና በመንገደኛ እጅ ላክሁልህ። ለምን አላዳመጥህም ብትለኝ፣ የእናትና የልጅ ምሥጢር አላዳምጥም፤ ጨዋ ነኝ። (እሺ፣ ጓደኞቼ ማሪና፣ የጀልባ ወደቡ ላይ፣ እየጠበቁኝ ነበር።)

እንደገና አስቀድቼ እልክልሃለሁ። ቀላል ነው። ጦቢያን ሳምልኝ። ማለቴ፣ ሰላም በልልኝ።

ሐዘንተኛው
ደርሶ


ጎንደር
መጋቢት 1997 ዓ.ም.

ለደርሶ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ። እኔ ደብዳቤህን እስካነብ ድረስ ደኅና ነበርሁ።

«ግድግዳ ተደገፍ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ያነሣችው ጦቢያ ናት። ጦቢያ ፎቶ ኮፒ ላስነሣ እያለች ነው ወደምሠራበት ጽሕፈት ቤት የምትመጣ። እሷም «ነጠላህን አዘቅዝቅ» የሚለውን አነበበችና ጮኸች። ጎረቤት ገባ። ሴቶቹ ደረታቸውን ከደቁ በኋላ ነው የሞተው ፕሮግራም መሆኑን ያየነው። አንዷ እስከ አሁን አኩርፋኛለች፤ «ያለቀስሁትን መልስልኝ» ትለኛለች። ሁለተኛ እንዳይለምድህ። መርዶ በወረቀት አይላክም። ጧት በማለዳ ሽማግሌ ይመጣል እንጂ። አንተ እዚያ ስላደግህ አታውቅ ይሆናል።

ነገሩ ለአንተ ጨዋታ ነው። ለእኔ እንዲህ ነው። የጦቢያ አባት አቶ ፈረደ ልጃቸውን ሊሰጡኝ ተስማምተው ነበር። ነገር ግን አባቴ በሕይወት የለም፣ እናቴ ባሕር ማዶ ናት። «ሀብትነሽን ከወገራ ጀምሮ አውቃታለሁ። የወለደችህ ስትመርቅ በገዛ ጆሮዬ ሳልሰማ ልጄን አልሰጥም» አሉ። ሲዲው ሲመጣ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጬ ከፈትሁት። ጸጥ። እንደገና ከፈትሁት። ጸጥ። አቶ ፈረደ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «እናትህ የምትለው ከሌላት፣ ዝምታዋም መልስ ነው» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ስሜ አይነሣም። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ዕድል ለምነው፣ ለሚያዝያ መጨረሻ ተቀጥረናል።

ሁለት ነገር መልስልኝ። አንደኛ፣ ሲዲው ላይ ያለው ፋይል ከባድ ነው። እዚህ ቤት ከተጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ በላይ ቦታ ይዟል። ባዶ ነገር ለምን ይከብዳል? ሁለተኛ፣ እናቴ ተናግራ ከጨረሰች ለምን ሰንበት ሊገባ እስኪል እዚያ ተቀመጠች? በሰንበት ዋዜማ ከቤቷ ውጭ የምታመሽ ሴት አይደለችም። የደበቅኸኝ ነገር አለ።

ካሳው


አሽቀሎን
ማርች 2005

ለመርማሪ ፖሊስ ካሳው፤

ለሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ልጽፍ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድሁ። አራተኛው ይኸው። ይቅርታ። (ይህን ቃል በአማርኛ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊደሉ ልክ ካልሆነ አርምልኝ። አባባ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ እዚህ ቃል ላይ ሳንደርስ ነው የሸሸሁት። ትምህርት ቤቱንም እንደዚያው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ እሱና እኔ በስምምነት ተለያየን።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ጥግ ላይ ያለችውን ኤክስ ስትጫናት ድርግም ይላል። ይህ ነገር ደስ አይለኝም። ከእኛ ሰው ቤት ገብተህ ስትወጣ ድርግም የሚልብህ ማን አለ? «ተቀመጥ እንጂ» ይባላል፣ ትነሣለህ፣ ተይዘህ ትጎተታለህ። ስለዚህ እኔም ትንሽ ጨዋታ ጨመርሁበት። ኤክሷን ሲጫኗት፣ በእኔ ድምፅ፣ «ውይ! ሊሄዱ ነው እንዴ? በሞቴ ትንሽ ይቆዩ!» ይላል። ከዚያ ሁለት አዝራር ይመጣል። አረንጓዴው እሺ ነው፣ ቀዩ እምቢ። እምቢ ካሉት ይዘጋል። እሺ ካሉት ይቀጥላል። ጓደኞቼ ሁሉ ሞቱ በሳቅ። ጓደኛዬ ኤራን ደስ ብሎት ሲከፍተውና ሲዘጋው ዋለ።

ኤራን እዚሁ አሽቀሎን የተወለደ ነው፤ እምቢ ማለትን ከጡት ጋር ነው የጠባው። እናትህ ግን ከወገራ ናቸው።

ምርቃቱን ጨረሱ። ኤክሷን ተጫኑ፤ እንዳሳየኋቸው። «በሞቴ ትንሽ ይቆዩ!» አልኋቸው፣ እኔ ራሴ ማሪና ላይ አይስክሬም እየላስሁ። ኋላ ስጠይቃቸው ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «የወንድሜ ልጅ በሞቴ ካለኝ እምቢ ብዬ ሞቱን ልርገጥ?» አረንጓዴዋን ተጫኑ። ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ነጠላቸውን አጣፉ፣ ተነሡ፣ ኤክሷን ተጫኑ፣ «በሞቴ!» አላቸው፣ ተቀመጡ። እንዲህ ሲሉ ሲሉ ፀሐይ ወደ ባሕሩ አዘቀዘቀች። ሮኢ ቁልፉን እያንቃጨለ መጣ። «ጌቬሬት፣ ሻባት!» አላቸው፣ እመቤቴ ሰንበት ገባ ማለቱ ነው። እሳቸው በአማርኛ «ልጁ አላሰናብት አለኝ» አሉት። ሮኢ ዙሪያውን ቢያይ ልጅ የለም። መብራቱን አጠፋው። እናትህም «ተመስገን፣ እኔ እምቢ አላልሁም» ብለው ወጡ።

ስለዚህ ጥፋቱ የሮኢ አይደለም። ይቅርታም ጠይቄዋለሁ። ምን እንዳጠፋሁበት ስላልገባው ፈላፌል ጋብዞኛል።

አሁን ክፉውን ወሬ ልንገርህ። እንደገና አስቀዳለሁ ብዬህ ነበር። ሄድሁ፤ ተደፋሁ፤ ጉልበት ሳምሁ።

«እትዬ፣ ምርቃቱ ጠፋ። እንደገና ይበሉልኝ።»

«ምኑ ጠፋ?»

«ድምፅዎ።»

«ድምፄማ ይኸው፤ እየሰማኸኝ አይደለም?»

«የቀዱት ማለቴ ነው። ማሽኑ ውስጥ የነበረው።»

«የመረቅሁት ማሽኑን ነው ወይስ ልጄን?»

«ልጅዎን።»

«የለመንሁትስ ማንን ነው?»

«እግዚአብሔርን።»

«እሱ ጠፋብኝ አለህ?»

በሴደር፣ እሺ ከማለት ሌላ፣ ምን ይባላል? እሳቸውም ጨመሩ። «አንዴ የመረቅሁትን ደግሜ ብመርቅ፣ የፊተኛውን እንዳልነበረ ቆጠርሁት ማለት ነው። በልጄ ትዳር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም። ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ አንተው ፈልገው።» ሲዲው በአቶ ፈረደ ፊት ዝም ማለቱን አልነገርኋቸውም። አንተም እንዳትነግራቸው።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄህ፣ ባዶ ነገር ለምን እንደሚከብድ አላውቅም። ጥያቄህን ይዤ ግን ካሪን ጋ ሄድሁ። ካሪን ማትናሱ ውስጥ ፕሮግራም የምታስተምረን ናት፤ ከክፍል ብዙ ጊዜ አስወጥታኛለች፣ አንድ ጊዜም ያለጥፋቴ። ሁሉን ነገርኋት። አልሳቀችም። «ፋይሉን አምጣው» አለች። «እስከዚያ ማንም አይንካው።» ያንተንም ሲዲ አትጣለው፤ የመጠጥ ብርጭቆም አታስቀምጥበት።

ደርሶ


ጎንደር
መጋቢት መጨረሻ፣ 1997 ዓ.ም.

ደርሶ፤

አልሳቅሁም ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ጦቢያ ከጎኔ ሆና ሳቀችና አበላሸችብኝ።

በመንገደኛው አፍ የላክኸው ጥያቄ ደርሶኛል። አዎ፣ ቀጠሮው እንዳለ ነው። የለም፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ቀጠሮ የለም። አቶ ፈረደ ሌላ ጠያቂ እንደ መጣላቸው ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሆነ አልጽፍልህም፣ ስሙን በእጄ መጻፍ አልፈልግም።

እናቴን ደግመህ እንዳትለምናት። እንዲህ ካለች አትመለስም። እኔም ብሆን ተገዳ የመረቀችውን ይዤ መቆም አልወድም።

መልስ አትጻፍልኝ። ሥራ።

ካሳው


አሽቀሎን
ኤፕሪል 2005

ጋሼ ካሳው!

መልስ አትጻፍ ብለኸኝ ነበር። ሠርቼ ነው የምጽፈው። የምሥራች በለኝ! አሁን ነጠላህን አስተካክለህ ልበስ።

ፋይሉ የከበደህ ሙሉ ስለሆነ ነው። ካሪን እንዲህ አስረዳችኝ። የድምፅ ፋይል ራስና ገላ አለው። ገላው ድምፁ ነው፤ ሰው እየተናገረ ሳለ ወደ ዲስኩ ይፈስሳል። ራሱ ላይ ደግሞ «ከዚህ በታች ይህን ያህል ድምፅ አለ» የምትል ቁጥር አለች። ቁጥሯ መጨረሻ ላይ ነው የምትጻፍ። ሰው ሳይጨርስ ስንት እንደ ተናገረ ማን ያውቃል? መብራቱ ሲጠፋ ቁጥሯ ገና ዜሮ ነበረች። ያንተ ኮምፒውተር ራሱን አየና ዜሮ አነበበ፤ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ሳያይ «ባዶ ነው» አለ። ስንት ሰው እንዲህ ነው!

ከዚያ መረመረችኝ።

«ሰውየው ኤክስን ሲጫን መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«በሞቴ እላለሁ።»

«ደርሶ።»

«እሺ። እምቢ ካለ መስኮቱን አጠፋለሁ።»

«መቅዳቱን አቁመህ?»

«መቅዳቱን?»

«ቁጥሩን ጽፈህ? ፋይሉን ዘግተህ?»

«መስኮቱ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ የሚያልቅ መስሎኝ…»

«እንግዳው ገና ቤት ውስጥ እያለ ጣሪያውን ነው የምታወርድበት።»

ካሳው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባህ? እናትህ ጨክነው እምቢ ቢሉኝም ኖሮ ያው ባዶ ነበር የሚሆነው! በሞቴዋ አስቀመጠቻቸው እንጂ ፋይሉን ያበላሸችው እሷ አይደለችም፤ አዘጋጉን አላውቅበትም ነበር። ጓደኞቼ የሳቁበት ጨዋታ ሳይሆን ያልሠራሁት ሥራ ነው ጉድ የሠራኝ። ይህን ስሰማ ግማሽ አፈርሁ፣ ግማሽ ቀለለኝ። እናትህን በጨዋነታቸው ያከሰርኋቸው መስሎኝ ነበር።

አሁን ተምሬአለሁ። መጀመሪያ መቅዳቱ ይቆማል። ቁጥሯ ትጻፋለች። ፋይሉ ይዘጋል። መስኮቱ ከሁሉም ኋላ ነው። ሰውየው በኤክስ ይውጣ፣ «ውጣ» በሚለው ምርጫ ይውጣ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲጠፋ ይታዘዝ፣ ሁሉም በዚያው በአንድ በር ያልፋል፤ በመስኮት የሚዘል የለም። «ሮኢ እንደገና ቢመጣስ?» አልኋት፤ መብራት ሲቆረጥ ምንም የሚሰናበት የለምና። «ቁጥሯን እየቀዳህ በየጥቂቱ ጻፋት፤ ያኔ ቢጠፋ የመጨረሻዋ ጉርሻ ነው የምትቀርብህ» አለችኝ። እሷ ጉርሻ አላለችም፤ እኔ ነኝ።

ከዚያ የእናትህን ፋይል ቅጂ አወጣች፤ ዜሮዋን በትክክለኛው ቁጥር ለወጠችና «ተጫን» አለችኝ። «አንቺ ተጫኚው» አልኋት። እሷ ተጫነችው።

ካሳው፣ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ምን እንዳሉ አልጽፍልህም፤ ያንተ ነው። ካሪን አማርኛ አንድ ቃል አትሰማም። ግን ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

ታዲያ ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ ነገር መጣ። ምርቃቱ አለቀ፣ ቅጂው ግን አላለቀም። ማን አቁሞት! እናትህ ለብቻቸው ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ሆኖባቸው፣ በሞቴ ላላቸው ኮምፒውተር ወግ ሲያወሩለት ነው የዋሉት። መጀመሪያ ስለ ጉልበታቸው። ቀጥሎ ስለ እኔ፣ ይህን ብዘለው ደስ ይለኛል። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ፈረደ ልጁን ለልጄ ሰጠ! ፈረደ! ያ በቅሎዬን ተውሶ አንካሳ አድርጎ የመለሰ። ይቅርታ እንኳ ከአፉ ሳይወጣ። ስስታም ነው፤ ከሰው ቤት እስከ ጨለማ ይጫወታል፣ ከራሱ ቤት ራት ሲደርስ እንግዳውን በር ድረስ ይሸኛል። ማሬ ግን፣ ነፍሷን ይማረውና ሚስቱ ማሬ ግን ወርቅ ነበረች። ታምሜ ስተኛ ልጄን ካሳውን ከልጆቿ ጋር ያበላች እሷ ናት። ልጅቱ እናቷን ከሆነች እኔ የምፈልገው የለም።»

ሮጬ ሄድሁ። «እትዬ፣ ተገኘ! ከበቅሎው ጀምሮ ግን እቆርጠዋለሁ» አልኋቸው።

«በቅሎው እውነት ነው።»

«አቶ ፈረደ እኮ ናቸው የሚሰሙት!»

ድንች እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አቆሙ። «መቀስ አታስገባበት። ከቆረጥኸው ምርቃቱም የተቆረጠ ይመስለኛል። እንዳለ ይሂድ» አሉ።

እንዳለ ልኬልሃለሁ። ከምርቃቱ በኋላ ትንሽ ጸጥታ አለ። እጅህን ማውሱ ላይ አድርገህ ተቀመጥ፤ ጸጥ ሲል ዝጋው። እለምንሃለሁ። በሞቴ አልልህም።

ደርሶ


ጎንደር
ግንቦት 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደርሶ፤

አዎ፣ ደረሰ። አዎ፣ በሰዓቱ። የለም፣ አልዘጋሁትም።

እጄ ማውሱ ላይ ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ጸጥ ሲል ልዘጋው ስል አቶ ፈረደ እጄን ያዙት። «ሴትዮዋ ገና ታወራለች፤ ምን ብለህ ትዘጋባታለህ?» አሉ። እንግዲህ የሆነው ሁሉ ሆነ። በየመሀሉ ያንተ ድምፅ ይመጣል። «ይህ በሞቴ የሚለው ልጅ የማን ነው? እዚያ አገርም እንዲህ ያለ ጨዋ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የአጎቴ ልጅ ነው አልኋቸው። ከዚህ በላይ አልተናገርሁም።

በቅሎው ላይ ስንደርስ የማንንም ፊት ማየት አልቻልሁም። አንዱ ሽማግሌ አሳለ። አቶ ፈረደ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እስኪያልቅ ሰሙ። ስለ ማሬ የተባለውን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ። «ምርቃቱን ብቻ ብሰማ፣ አስጠንተው አስነብንበዋት ይሆናል እል ነበር። በቅሎዋን ግን ከሀብትነሽ በቀር ማንም አያውቅም። እሷው ናት። ቂሟን ሳትደብቅ የመረቀች ሴት ምርቃቷ ይያዛል።» ወዲያው ደግሞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንካሳ አልነበረችም፤ ትንሽ ታነክስ ነበር» አሉ። ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ ነው የሳቁ።

ቀኑ ተቆርጧል። ጦቢያ ምን እንዳለች አልጽፍልህም፤ እንደ አንተ ሁሉን የምጽፍ አይደለሁም። እናቴን አንተው ንገራት። በስልክ ከነገርኋት ያው ታውቀናለህ። አቶ ፈረደ ስለ በቅሎዋ ይቅርታ ብለዋል በልልኝ፤ ቃሉን ከአፋቸው ነው የሰማሁት።

ካሳው


አሽቀሎን
ጁን 2005

ለሙሽራው፤

ነገርኋቸው። ምን እንዳሉ ለመስማት እንደ ቸኮልህ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስለ አየሩ ልጻፍልህ። ይሞቃል።

እሺ። ስለ ጋብቻው ስነግራቸው ምንም አልመሰላቸውም። «መርቄው የለም እንዴ? ምን ሊሆን ነበር ታዲያ?» አሉ። ስለ ይቅርታው ስነግራቸው ግን ተነሡ፣ ወደ ጓዳ ገቡ፣ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። «ሽንኩርት ነው» አሉኝ። እጃቸው ላይ ሽንኩርት አልነበረም።

ስለ ፕሮግራሙ የጠየቅኸኝ፦ አዎ፣ አሁን በደንብ ይዘጋል። ሮኢን ጠርቼ በመሀል መብራቱን አስጠፋሁት፤ ሲበራ ቅጂው እዚያው ነበረ። ሮኢ መብራት ማጥፋቱ እኔን ለምን እንዳስደሰተኝ እስከ ዛሬ አልገባውም። አሮጊቶቹ ግን ቅሬታ አላቸው። «ያ ልጅ ድሮ ተቀመጡ ይል ነበር፤ አሁን ስንነሣ ቀና ብሎም አያየንም» ብለው ለካሪን ከሰሱኝ። ካሪን ፈቀደችልኝ፤ ሁሉ ነገር ተጽፎ፣ ፋይሉ ተዘግቶ ካለቀ በኋላ «በሰላም ይግቡ» ይላል። አዝራር የለውም፣ ጥያቄ የለውም፣ መልስም አይጠብቅም። እሷ በዕብራይስጥ «ኮል ሃካቮድ» አለችኝ፤ ጎሽ ማለት ነው። ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ አንድ ሰው ምስክር ቢኖረኝ ብዬ ዙሪያዬን ብፈልግ ማንም የለም። ስለዚህ አታምነኝም።

ለሠርጉ እንዳልመጣ ሠራዊቱ ጠርቶኛል፤ በነሐሴ እገባለሁ። እዚያ ደግሞ እምቢ የሚባል አዝራር ጭራሽ የለም አሉ።

ትናንት ቁጭ ብዬ ካሪን ፕሮግራሙ ላይ ያስጨመረችኝን ትእዛዝ እንደገና አነበብሁት። ከአንድ ደብዳቤህ ሰላምታ ያጥራል። ለዚህ ነው እንግዲህ ጎረቤት ያስለቀስሁት፣ አንተን ያሳፈርሁት፣ አቶ ፈረደን ባርኔጣ ያስወለቅሁት። እውነቱን ልንገርህ ካሳው፣ እንደ መርዶ አድርጌ የጻፍሁልህ ነገር ከመነሻውም ትልቅ አልነበረም። አንድ ፋይል ሳይዘጋ ቀረ፤ ዘጋነው።

ደርሶ